ሳሳ ያለ ኮርኒያ

ዛሬ አክስቴን ዓይኗን ላሳያት ወስጃት ነበር። የዓይኗ ግፊት 19 ሆነ። "ደህና ነኛ!" አለች ደስ ብሏት። ዶክተሯ ግን አልተቻኮለችም። የማደንዘዣ ጠብታ አደረገችላትና እስክሪብቶ በምታህል መሣሪያ ጫፍ ኮርኒያዋን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ነካ አደረገችው። ውፍረቱ 490 ማይክሮን። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

"እማማ፣ ኮርኒያዎ ሳሳ ያለ ነው። እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ግፊቱን አሳንሶ ሊያሳየን ይችላል።"

አክስቴ ትንሽ አሰበችና "ወንድሜን ያሳወረው ግላኮማ ነው። ይሄ መሳሳቱ ነው እንዴ የሚያመጣው፣ የኔ ልጅ?" አለቻት።

ግላኮማ የዓይንን ነርቭ እየጎዳ ሊያሳውር የሚችል በሽታ ነው። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ተመራማሪዎችም ሲያነሱት የኖሩት ነው። የኮርኒያ ውፍረት በአብዛኛው ከወላጅ ይወረሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ የዓይን ግፊታቸው ከፍ ካለ ሰዎች መካከል ኮርኒያቸው የሳሳው ለግላኮማ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳየ። በ2018 ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከኮርኒያ ውፍረት ጋር የተያያዙ 44 የዘረ መል ቦታዎችን አገኘ። እነዚህ ቦታዎች ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ከሚሾልበት ኬራቶኮነስ ጋር በግልጽ ተገናኙ። ከግላኮማ ጋር ግን ይህ ነው የሚባል ዝምድና አልታየም።

ይሄ እኔን በጣም አስገርሞኛል። መሳሳቱ ልኬቱን ያዛባል፤ በሽታውን ራሱ የሚያመጣው ግን ላይሆን ይችላል። ግላኮማ በቤተሰብ መሄዱ ግን የታወቀ ነው። ዶክተሯ የዓይን ነርቯን አይታ የእይታ ስፋት ምርመራ አዘዘችላት። ልጆቿም ይምጡ ብላለች። ለሁሉም ደውያለሁ፤ ትልቁ ቅዳሜ ይሄዳል።