ከካይሮ ወደ ራሺድ
ከካይሮ ግርግር ወጥተን ወደ ሰሜን ስናመራ፣ ዓባይ ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ዱምያጥ፣ እኛ የተከተልነው ሌላው ደግሞ ወደ ራሺድ ይወርዳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሩዝ ማሳ፣ የተምር ዛፍና ረጃጅም የርግብ ቤቶች ይታያሉ። ከአንድ ቦይ ዳር ወርጄ አፈሩን ዘገን ሳደርገው ጥቁር፣ ልስልስና እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ነበር። አብዛኛው ለሺህ ዓመታት በየክረምቱ ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የመጣ መሆኑን ሳስብ ልቤ ተነካ፤ የእኛ ገበሬ ያጣው አፈር እዚህ ሌላውን ገበሬ አብልቷልና። በ1970 እ.ኤ.አ. የአስዋን ታላቁ ግድብ ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ ከግድቡ በስተኋላ ስለሚቀር፣ ማሳው ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ በራሺድ አቅራቢያ ያለው የባሕር ዳርቻም በእጅጉ ተሸርሽሯል።