ካውሊትዝ ዳር የዋልኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አሳ ላጠምድ ከቤት ወጣሁ። ቡና በፔርሙስ፣ ዳቦ በፌስታል። ከሲያትል ወደ ደቡብ አይ ፋይቭ በሚባለው አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። የካውሊትዝን ወንዝ ከዚያ ቀን በፊት የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሆዴ ሲረበሽ ነበር። አዲስ ወንዝ ስሄድ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል።

ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ወንድሞቼ ከሐይቁ ቆሮሶ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ቅርፊቱን እፍቃለሁ። መንጠቆ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። የጀመርኩት እዚህ አሜሪካ ነው። ኦገስት 2023 ላይ ከሥራ ስመለስ ቱክዊላ ውስጥ ግሪን ሪቨር ዳር ሰው ተደርድሮ አየሁ። ፒንክ የሚባለው ሳልመን ውሃው ላይ ይዘላል። በዚህ አካባቢ ፒንክ በብዛት የሚመጣው ዓመቱ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ነው። በሳምንቱ ፈቃድ አወጣሁ፣ ዘንግ ገዛሁ። ፒንክ ለጀማሪ ደግ አሳ ነው። በመንጋ ነው የሚመጣው፣ ብትስትም ሌላ አለ።

ካውሊትዝ የሄድኩለት ስቲልሄድ የሚባለው አሳ ግን ሌላ ነገር ነው። በዘሩ ትራውት ነው። ከኬንያ መጥቶ ባሌ ውስጥ እነ ዌብ ወንዝ ላይ የተለቀቀው ሬይንቦ ትራውት ከዚህ ጋር አንድ ዝርያ ነው። የባሌው ወንዙ ውስጥ ይኖራል። ይሄኛው ወደ ባሕር ይወርዳል፣ እዚያ ይወፍራል፣ ከዚያ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዙ ይመለሳል። እዚህ ያሉት ሳልመኖች እንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ ይሞታሉ። ከስቲልሄድ ግን አንዳንዱ ባሕር ወርዶ እንደገና ይመጣል። ይህን የሰማሁ ቀን ነው ልቤ የሄደው።

ሐይቅ ላይ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። ወንዝ ላይ እንደዚያ አይሆንም። አሳው በየቦታው የለም። ማረፊያ ይፈልጋል። ፈጣኑና ዝግ ያለው ውሃ የሚዋሰኑበት መስመር፣ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ያለ ጸጥታ፣ ወይም ጥልቁ ውሃ አልቆ ፏፏ ማለት ከመጀመሩ በፊት ያለችው ለስላሳ ቦታ። ውሃው ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ሲሄድ፣ ጥልቀቱም ከወገብ እስከ ደረት ሲሆን ጥሩ ነው። ይህን ለመለየት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። አዲስ ወንዝ ላይ ደግሞ ከሀ ሁ ነው የምጀምረው።

ሌላው የተማርኩት ከቤት ሳልወጣ የውሃውን ልክ ማየት ነው። በየወንዙ መለኪያ አለ፣ ስልክ ላይ ይታያል። ዝናብ ጥሎ ወንዙ እየሞላ ከሆነ እቀራለሁ። ሞልቶ መጉደል ሲጀምርና ድፍርሱ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ እሄዳለሁ። ካውሊትዝ ከላይ ግድቦች ስላሉት ሌሎቹ ሲደፈርሱም ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል። ለዚህም ነው የመረጥኩት።

ብሉ ክሪክ የሚባለው ቦታ ስደርስ ገና ጨለማ ነው። ግን ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። ደነገጥኩ። ዘንጌን ሳላወጣ አንድ ሰዓት ያህል ከኋላ ቆሜ አየሁ። ሁሉም በተራ ይወረውራል። ከላይ ያለው ይጥላል፣ ቀጥሎ ያለው ይከተላል፣ ክሮቹ ጎን ለጎን በእኩል ፍጥነት ይወርዳሉ። አንድ ሰው ከተራው ከዘገየ የሁሉም ይተበተባል። ማንም አይነግርህም፣ አይተህ ነው የምትይዘው። ያን ሰዓት በከንቱ ያለፈ አድርጌ አልቆጥረውም።

አንድ ጺማቸው የነጣ አዛውንት ዞር ብለው አዩኝና ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። መንጠቆዬ ላይ የታሸ የሳልመን እንቁላልና አንዲት ቀይ ኳስ፣ ከላይ ደግሞ ክሩን ወደ ታች የሚያወርድ የእርሳስ ክብደት አለ። ሁለት ጊዜ ስወረውር ዝም ብለው አዩ። ከዚያ እርሳሱ በዝቷል አሉኝ። ፒንሳቸውን አውጥተው ግማሹን ቆረጡት። እርሳሱ መሬት ላይ መጎተት የለበትም፤ ነክቶ መነሳት፣ ነክቶ መነሳት አለበት። እንደገና ስወረውር ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። የወንዙን ወለል በጣቴ የዳሰስኩ ያህል ነበር። ስቲልሄድ ሁልጊዜ አይነጥቅም አሉኝ። ጠቅታው ዝም ካለ ዘንግሽን አንሺ።

ዝም ባለ ቁጥር አነሳሁ። ድንጋይ ነበር። እንደገና ድንጋይ። አራት መንጠቆ ወንዙ ውስጥ ቀረ። ሰዉ ሲቀንስ ከጫጫታው ወጥቼ ወደ ታች ወረድኩ። ሦስት ወርውሬ ጥቂት እርምጃ እወርዳለሁ፣ እንደገና ሦስት። ስድስት ሰዓት አልፎ ጠቅታው ዝም አለ። አነሳሁ። ድንጋዩ ሄደ።

እንዴት እንደሆነ ሁሉንም አላስታውስም። ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ጮኸ። አሳው ወደ ታች ሲሮጥ እኔም ዳር ዳሩን ተከተልኩት። ክንዴ ይንቀጠቀጣል። አንዴ ከውሃው ወጥቶ ሲዘል ብር የመሰለ ጎኑን አየሁት። ጥልቀት የሌለው ቦታ ሳደርሰው ተንበረከክኩና መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። ከጅራቱ ከፍ ብላ ያለችው ትንሿ ክንፍ አልተቆረጠችም። በማራቢያ የሚያድጉትን ገና ጫጩት እያሉ ይቺን ክንፍ ይቆርጧቸዋል። ክንፏ ካለች የዱር ነው፣ ይለቀቃል። ከውሃው ሙሉ በሙሉ ማውጣትም ክልክል ነው። በታችኛው ኮሎምቢያና ገባሮቹ ያሉት የዱር ስቲልሄዶች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ይጠበቃሉ።

መንጠቆውን በፒንስ አወጣሁ። ጅራቱን ይዤ ፊቱን ወደ ወራጁ አዞርኩለት። እጄ በብርዱ ደነዘዘ። ጉንጩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ አንዴ ተወራጨና ከእጄ ወጣ። እዚያው ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ። አልቅሻለሁ።

ማታ ለእማዬ ደወልኩላት።

«ይዘሽ ለቀቅሽው?»

«አዎ እማዬ።»

«ምን ያህል ይሆናል?»

«ከሦስት ኪሎ አያንስም።»

ዝም አለች። የተቆጣች መስሎኝ ሕጉን ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ። «የዘር አሳ ነዋ» አለች። «እዚህም ትንንሹን በጠባብ መረብ እየጠረጉ ባያወጡት ኖሮ ቆሮሶው መች እንዲህ ያንስ ነበር? ደግ አደረግሽ።»

ሰባት ወንድና ሴት ልጆች በዚያ ሐይቅ አሳ ያሳደገች እናት ናት። የሷን «ደግ አደረግሽ» ከየትም አላገኘውም።

ቀጥሎ ያሰብኩት ስካይኮሚሽ የሚባለውን ወንዝ ነው፣ ጎልድ ባር አጠገብ ሬይተር የሚሉት ቦታ። የብርዱን ወቅት አልጠብቅም። ኦገስት ላይ ውሃው ሲጎድልና ሲጠራ ያለ ዘንግ እሄዳለሁ። ደብተርና እርሳስ ይዤ ዳሩን ከላይ እስከ ታች እራመዳለሁ። ትልልቆቹ ድንጋዮች ያኔ ራሳቸውን ያወጣሉ። አንድ በአንድ እስላቸዋለሁ።