ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመድኃኒት ወጪዬን በጤና መድን እንዴት እንደሸፈንሁ

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ 36 ዓመት አስተምሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ስወጣ፣ ከደመወዜ በየወሩ ሲቆረጥ የኖረው ገንዘብ ሕክምናዬንም የሚሸፍን ይመስለኝ ነበር። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ መግዛት ስጀምር ግን፣ የጡረታ መብቴ ከወር አበል ያለፈ ነገር እንደማይሰጠኝ ተረዳሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉውን ከኪሴ ከፈልሁ።

ግራ ያጋባኝ በሀገራችን ሁለት የተለያዩ የጤና መድኖች መኖራቸውን አለማወቄ ነበር። አንደኛው በ2002 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 690 የተደነገገው ማኅበራዊ የጤና መድን ሲሆን፣ ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን በመዋጮ ለማቀፍ የታሰበ ነው፤ ሆኖም አጀማመሩ ተደጋግሞ ስለተራዘመ፣ እኔ ጡረታ በወጣሁበት ጊዜ ይዤው ልታከምበት የምችለው ካርድ አልነበረውም። ሁለተኛው አርሶ አደሩንና በግል ሥራ የሚተዳደረውን የከተማ ነዋሪ የሚያቅፈው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህኛው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈር ስለነበረች፣ በእኛ አካባቢ ገበሬው ከእኔ ከመምህሩ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ መዝጋቢው ባለቤቴ ጉልት የምትነግድ መሆኗን ሰማና ቤተሰባችንን በእሷ በኩል መዘገበን። መዋጮው የሚከፈለው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ምዝገባውም እህል በሚሰበሰብበት ወራት ስለሚካሄድ፣ ወቅቱን አሳልፎ የመጣ ሰው ቀጣዩን ዓመት ይጠብቃል።

ካርዱን እንደያዝሁ የሠራሁት የመጀመሪያው ስሕተት ጤና ጣቢያውን ዘልዬ በቀጥታ ሆስፒታል መሄዴ ነው። የሪፈር ወረቀት ስላልነበረኝ እንደማንኛውም ከፋይ ከፍዬ ታከምሁ። መድኑ የሚሠራው ከመድኑ ጋር ውል ካለው ጤና ጣቢያ ተነሥቶ፣ በሪፈር ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ለሚወጣ ታካሚ ነው፤ ድንገተኛ ሕመም ብቻ ከዚህ ይለያል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የመድኃኒቱ መስኮት ነው። አንድ ጊዜ በግል ክሊኒክ የተጻፈልኝን የደም ግፊት መድኃኒት ማዘዣ ይዤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ብቀርብ «ኖርቫስክ የለንም» ተባልሁና፣ መድኑ ለደሀ የማይረባውን ብቻ ያቀርባል ብዬ እያጉረመረምሁ ልወጣ ስል፣ ከመስኮቱ ኋላ የነበረችው ባለሙያ ቀድሞ ያስተማርኋት ልጅ ሆና ተገኘች። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው፤ ውስጡ ያለው አምሎዲፒን ነው፤ እሱ ደግሞ አለን። ግን የውጭ ማዘዣ በመድን አናስተናግድም፤ እዚሁ ታይተው ያስጽፉ» አለችኝ። ለካ መድኑ የሚሸፍናቸው መድኃኒቶች ዝርዝር የተዘጋጀው በመድኃኒቱ መጠሪያ እንጂ ፋብሪካው ባወጣለት ስም አይደለም። ሁለት መድኃኒት በአንድ እንክብል የተቀየጠበት ሲታዘዝልኝም ለየብቻቸው ሊሰጡኝ ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ያዝሁ፤ ምክንያቱም ቅይጡ መደርደሪያው ላይ ባይኖር ተነጣጥለው ሊገኙ ይችላሉ። ይህን መወሰን ያለበት ግን ሐኪሙ ነው፤ እኔ በራሴ ፈቃድ መጠን ቀንሼ ወይም ስም ለውጬ አላውቅም።

በዝርዝሩ ያለ መድኃኒት ከመደርደሪያው ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ የክረምት ወር የስኳር መድኃኒቴ ሜትፎርሚን አልቆ ከግል መድኃኒት ቤት ገዛሁና ደረሰኙን ይዤ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ጠየቅሁ። ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ የሚገልጽ ጽሑፍና ማኅተም አልነበረበትም፤ ደረሰኙም የመድኃኒቱን ስምና ብዛት ሳይጠቅስ ድምሩን ብቻ ይዟል። ገንዘቤን ውኃ በላው። ተናድጄ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የመድኑ አስተባባሪ በዚያ ወረቀት ሊከፍለኝ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ «የለም» ስባል ከመስኮቱ ሳልርቅ ማዘዣው ላይ እንዲጻፍልኝና እንዲታተምልኝ እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎም ውል ያለው መድኃኒት ቤት የትኛው እንደሆነ አጣራለሁ፤ ከሌላ ቦታ የምገዛው የእነሱም ሲያልቅ ብቻ ነው። የማዘዣውን ቅጂ ለራሴ አስቀራለሁ። ባለቤቴ የወረቀቱን ብዛት አይታ «ክስ አለብህ እንዴ?» ትለኛለች።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኑ አይሸፈኑም፤ ጓደኛዬ መነጽር ፍለጋ ሦስት ቀን ከተመላለሰ በኋላ ነው የተነገረው። በአንጻሩ የቲቢ መድኃኒት ከመድኑ ውጭም ለሁሉም በነጻ ይሰጣል።

አሁን የክትትል ቀኔ በወር አንድ ጊዜ ነው። የሚሰጠኝ የ30 ቀን እንክብል ስለሆነ፣ 25ኛው ቀን ላይ ልጅ ልኬ አምሎዲፒኑ መኖሩን አስጠይቃለሁ፤ ከሌለ ማኅተሙን አስመትቼ ውል ወዳለው መድኃኒት ቤት የምሄድበት አምስት ቀን ይተርፈኛል። ባለፈው ወር አለ ተባለ፤ ካርዴን ይዤ ሄጄ ምንም ሳልከፍል ተመለስሁ።