ለድምፄ የሚስማማውን ቱባ እንዴት እንደመረጥኩ

ለሙያ ሥራ የሚሆን ቱባ፣ ማለትም ጥልቅ ድምፅ ያለውን ትልቁን የናስ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ለመግዛት ስነሣ፣ የምመኘው ድምፅ አስቀድሞ በጆሮዬ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተጫወተው አርኖልድ ጃኮብስ የሚታወቅበት ዮርክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው ግዙፍ ቱባ፣ ፋብሪካዎችን ቅርፁን እስከ መቅዳት ያደረሰ መሣሪያ ነው። ያን ድምፅ የሚያመጣው የመሣሪያው ግዝፈት ነው ብዬ ስላመንኩ፣ ፍለጋዬን 6/4 ከሚባሉት ትልልቅ ቱባዎች ጀመርኩ። ቁጥሩ የአካሉን ስፋት እንጂ ቅኝቱን አያመለክትም፤ ሁሉም ፋብሪካ የተስማማበት ልኬት ስለሌለው ደግሞ የአንዱ 5/4 ከሌላው 4/4 ጋር ሊቀራረብ ይችላል።

ስለ ቅኝቱ ብዙ አልተቸገርኩም። ቱባ በዋናነት በቢ ፍላት፣ በሲ፣ በኢ ፍላት እና በኤፍ ይሠራል፤ የቢ ፍላቱ ቱቦ ቢዘረጋ 5.5 ሜትር ገደማ፣ የኤፉ ደግሞ 3.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሥራዬ በአብዛኛው በኦርኬስትራ፣ አልፎ አልፎም በኩዊንቴት (በአምስት ተጫዋቾች ቡድን) ስለሆነ፣ ለሁለቱም የሚመቸኝን ሲ መረጥኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጣሪያው ዝቅ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስት መሣሪያዎችን ሞከርኩ። ትልቁን 6/4 ስነፋ ወንበሬ ሥር ያለው ወለል ይንቀጠቀጥ፣ ድምፁም ዙሪያዬን ይከበኝ ስለነበር፣ ሌላ መሞከር ሁሉ አላስፈላጊ መስሎኝ ነበር። አብሮኝ የመጣው የትሮምቦን ተጫዋች ጓደኛዬ ግን ይህንንና አንድ ባለ ፒስተን ቫልቭ (ወደ ታች ሲጫን የአየሩን መንገድ የሚያስረዝም) 5/4 ወደ አዳራሽ ወስደን ካልሰማናቸው አይሆንም ብሎ አጥብቆ ያዘኝ። እሱ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ፣ እኔ ያንኑ ሐረግ በሁለቱም ደጋግሜ ነፋሁ። ስለ ትልቁ፣ «ቤቱን ይሞላዋል፤ ኖታው መቼ እንደጀመረ ግን አይለይልኝም» አለኝ። በ5/4 ስነፋ የእያንዳንዱ ኖታ አጀማመር ጥርት ብሎ ይደርሰው ነበር፤ እኔ ግን ከመሣሪያው አጠገብ ሆኜ ይኸኛውን ቀጭን ነው ብዬ ንቄው ነበር።

በዚህ ብቻ ብወስን ኖሮ ትልቁ ቱባ መጥፎ ነው የሚል የተሳሳተ ፍርድ ይዤ እቀር ነበር። በሌላ ቀን አንድ ልምድ ያለው የቱባ ተጫዋች ሁለቱንም እንዲነፋልኝ ለምኜ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ በእሱ ትንፋሽ 6/4ቱ አስኳል ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ድምፅ አወጣ። ጉድለቱ የመሣሪያው እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። የእኔ አነፋፍ በተፈጥሮው ለስለስ ብሎ ስለሚጀምር፣ ለስላሳ የሆነው መሣሪያ ሲጨመርበት ድምፁ ይድበሰበሳል፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ያለኝን የሚያበዛልኝ ሳይሆን የጎደለኝን የሚሰጠኝ ቱባ ነበር።

አንድ ስህተቴን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከሞከርኳቸው አንዱ የሆነው ባለ ሮታሪ (የሚሽከረከር) ቫልቭ ቱባ ድምፁ የሚንገዳገድ፣ ቅኝቱም የማይጨበጥ ስለሆነብኝ በማስታወሻዬ ላይ ሰርዤው ነበር። ከሳምንታት በኋላ ስመለከት የማውዝፒሴ (በከንፈር የሚነፋው ተነቃይ ክፍል) እግር ለመሰኪያው ቱቦ ከሚገባው በላይ ቀጭን ስለነበር፣ ጠልቆ ገብቶ በእጅ ሲነኩት ይወዛወዝ ነበር። የአሜሪካና የአውሮፓ የሚባሉት የእግር ውፍረቶች እንደሚለያዩ እያወቅኩ አለመፈተሼ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። በሚገጥመው ማውዝፒስ ስነፋው ሌላ መሣሪያ ሆኖ አገኘሁት።

ቅኝቱን የፈተሽኩት የቲዩነር (የቅኝት መለኪያ) መርፌ እያየሁ ሳይሆን፣ ሳይቋረጥ በሚሰማ አንድ ኖታ ላይ ስኬሉን (የኖታዎቹን ቅደም ተከተል) በዝግታ እየነፋሁ ነው፤ ዓይን መርፌውን ሲከተል ከንፈር ሳይታወቅ ስለሚያርም የመሣሪያው ጠባይ ይሸፈናል። በሲ ቱባ ላይ ያለ ቫልቭ የሚነፋው የመካከለኛው ኢ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል፤ በመረጥኩት ላይም እንዲሁ ሲሆን፣ 1ኛውንና 2ኛውን ቫልቭ ስጫን ግን ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከታች ደግሞ 4ኛውና 1ኛው አብረው ሲጫኑ ኖታው ከፍ ስለሚል፣ በ1ኛው ምትክ ረዘም ያለው 5ኛ ቫልቭ ሲገባ መታረሙን አረጋገጥኩ። ቅኝቱን በግራ እጄ ስቤ የማርምበት ስላይድ (ተንሸራታች ቱቦ) በቀላሉ መንሸራተቱንም አየሁ፤ የሚጣበቅ ስላይድ በልምምድ ክፍል ቢታገሡትም በትርኢት ላይ አይታገሡትም።

ከመግዛቴ በፊት 5/4ቱን ለአንድ ሳምንት ወስጄ በኦርኬስትራ ልምምድ እንድሞክረው ፈቃድ ጠየቅኩ። ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ ጋር ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ፤ ቱባ ብቻውን ሲነፋ የሚያምረው ከኮንትራባስና ከባስ ትሮምቦን ጎን ሲቀመጥ ሊጠፋ ይችላል። ከሁለተኛው ልምምድ በኋላ የባስ ትሮምቦኑ ተጫዋች፣ ምን እንደቀየርኩ ሳልነግረው፣ «ዛሬ ከአንተ ጋር ቅኝት ማስማማት ቀለለኝ» አለኝ። በማግስቱ ክፍያውን ፈጸምኩ።