ከእርግማን ፍርሃት ያወጣኝ አምላክ

ወሎ ውስጥ ምርቃትም እርግማንም ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ ሲመርቅ እጃችንን ዘርግተን «አሜን» እንላለን። እናት ስትረግም ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይደነግጣል። እኔ ደሴ ላይ ያደግኩት በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ነው።

እናቴ ውጭ ስትወጣ ሌላ ሰው ናት። ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ላይ የማይወዳት የለም። «እናት እንዲህ ናት እንጂ!» ይሉኛል። ቤት ውስጥ ግን ነገር ሁሉ ስለ እሷ ነው። ፈተና ሳልፍ የእሷ ልፋት፣ ስወድቅ እሷን ማዋረዴ። ቅር ካላት ሳምንታት ታኮርፋለች። ምግብ ታቀርባለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። ሐኪም ስላልሆንኩ የበሽታ ስም አልሰጣትም፤ የኖርኩትን ነው የምናገረው።

ተመርቄ ሥራ ስይዝ የባንክ ሂሳቤ የተከፈተው በእሷ ስልክ ቁጥር ነበር። ደሞዝ ሲገባ መልእክቱ የሚደርሰው ለእሷ ነው። የታክሲ እንኳ እየለመንኩ ነበር። ብቻዬን ልኑር ካልኩ ደም ግፊቷ ይነሳል። ካልሆነ ደረቷን ይዛ «ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ!» ትላለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ጓደኞቼ «ትልቅ ሰው አይደለሽ እንዴ፣ ውጪ!» ይላሉ። ሕጉም 18 ዓመት የሞላው ራሱን ችሏል ይላል። እርግማን ግን በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሰሳል?

ጸሎቴ መጀመሪያ «እናቴን ለውጥልኝ» ነበር። መስከረም 21 ለንግሥ ጊሸን ማርያም ወጣሁ። ያንን የአምባሰል ዳገት የወጣ ያውቀዋል። አናቱ ላይ ስደርስ ጸሎቴ ራሱ ተቀየረ። «እመቤቴ፣ ይህን ፍርሃት አውጪልኝ» አልኩ። ጃንጥላም ተሳልኩ።

መልሱ በሕልም አልመጣም። እዚያው አንድ አዛውንት ካህን አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 ቁጥር 2ን አሳዩኝ፤ ከንቱ እርግማን በማንም ላይ አይደርስም ይላል። «ልጄ፣ እናትሽን አክብሪ ተብለሻል፤ አምልኪ አልተባልሽም» አሉኝ። እያለቀስኩ ወረድኩ። ያን ለቅሶ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከኮምቦልቻ ስልክ ተደወለ። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ነው፤ ማመልከቻ ማስገባቴን እንኳ ረስቼዋለሁ። ደሞዙ የሚያስጨፍር አልነበረም። ግን ሥራ ነው፣ ያውም በሌላ ከተማ።

የሄድኩ ቀን እናቴ በር ላይ ወደቀች። ድሮ ቢሆን ሻንጣውን እፈታው ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ ሙስሊም እናት ሮጠው መጡና ደግፈው አስቀመጧት፣ ውሃ አጠጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሂጂ ልጄ፣ እኔ አለሁላት። ዱዓ ሳደርግልሽ ነው የከረምኩት። አላህ መንገድሽን ያቅናው» አሉኝ። እርግማን ስጠብቅ ምርቃት ይዤ ወጣሁ። እኔ በስለት፣ እሳቸው በዱዓ። ወሎ ነው እንግዲህ!

ኮምቦልቻ ገብቼ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቤት ተከራየን። በራሴ ስልክ ቁጥር አዲስ ሂሳብ ከፈትኩ። ለእማየ በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ እልክላታለሁ።

እሷ ግን «መተት አሠርተውባት ነው» ብላ ሽማግሌ ላከች። ቡና አፍልቼ ተቀበልኳቸው። አንደኛው «እናትሽን እንዲህ ጥለሽ፣ ሳንቲም እንኳ ሳትልኪ?» አሉ። ምንም አልተከራከርኩም፤ ስልኬን ከፍቼ በየወሩ የላክሁበትን መልእክት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። ለሌላኛው አቀበሉ። ከዚያ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት ማውራት ተጀመረ። ሲወጡ መርቀውኝ ነው የሄዱት።

እናቴ ተለወጠች ብዬ አልዋሽም። አሁንም እየደወለች ትረግማለች። እኔ ግን እጄ አይንቀጠቀጥም። «እሺ እማየ፣ እሑድ እመጣለሁ» እላለሁ፤ ደግሞም እሄዳለሁ። ጃንጥላውንም አስገብቻለሁ። ባለፈው ስሄድ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ያ ቆላ አከሳሽ» አለችኝ። ቀሚሴ እኮ ጠቦኝ ነው የሄድኩት።