ከማጣሪያው በፊት ቪዛው፦ ካውንተር ስትራይክን ከአዲስ አበባ ሆኖ ሥራ ስለማድረግ

ካውንተር ስትራይክ የተባለውን፣ አምስት ለአምስት የሚደረግ የኮምፒውተር ተኩስ ጨዋታ ደመወዝ እየተከፈለኝ የምጫወተው አራት ኪሎ ከተከራየኋት አንዲት ክፍል ሆኜ ነው፤ ቡድኔ የተመዘገበውም ሆነ አራቱ ጓደኞቼ የሚኖሩት አውሮፓ ነው። አተኳኮስ የሚያስተምር ሰው ሞልቷል፤ ስለ ወረቀቱ ግን አንድም ሰው አስቀድሞ አልነገረኝም።

የጀመርኩት ከፒያሳ ጌም ቤቶች ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ገጣጠምኩ፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስና በሞባይል ዳታ የሚሠራ መጠባበቂያ መስመርም አዘጋጀሁ። ካውንተር ስትራይክ 2 መስከረም 2016 ሲወጣ ለማሸነፍ የሚያስፈልጉት ዙሮች ከ16 ወደ 13 ስለወረዱ፣ በኔትወርክ መቆራረጥ የሚጠፋ አንድ ዙር ከበፊቱ ይበልጥ ይጎዳል። ወደ አውሮፓ ሰርቨሮች ያለኝ ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ወርዶልኝ አያውቅም። ብዙ አሠልጣኞች ለጀማሪ «ጥግ ይዘህ ጠብቅ» ይላሉ፤ ከዚህ ከተማ ለሚጫወት ግን አልመክረውም፤ ከጥግ ብቅ የሚለው ሰው የሚጠብቀውን ቀድሞ ያየዋልና፣ የጠባቂው ፒንግ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይህ ብልጫ እየሰፋ ይሄዳል። ቀድማችሁ ብቅ በሉ።

አሁን ወደ ቪዛው ልምጣ። ማጣሪያውን ያለፍነው አውሮፓ የሚደረገው ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር፤ በዚህ ሙያ ነገሩ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን ሚያዝያ 2016 ላይ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ አሰጣጥን አጥብቆ ነበር፦ የ15 ቀኑ የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆነ፣ የማስረጃ ሰነዶችን የማቅለል ዕድል ቀረ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛም ተከለከለ። ከማጣሪያው እስከ ውድድሩ ያለው ጊዜ ከ45 ቀን ካነሰ፣ ካለፋችሁ በኋላ የምታስገቡት ማመልከቻ ሲገባ ጀምሮ የዘገየ ነው። ይህን ሒሳብ በግልጽ የሚነግር መረጃ ሰጪ አላገኘሁም፤ ሁሉም «መጀመሪያ የግብዣ ደብዳቤ ያዝ» ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ። ባንኩ ከውጭ የሚገባልኝን ገንዘብ በደብዳቤ ለመግለጽ የሥራ ውሌን ጠየቀ፤ ውሉ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ የተፈረመ በመሆኑ ሠራተኛዋ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ማህተሙ የታለ?» አለችኝ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ በሕይወቱ ማህተም አስቀርጾ የማያውቅ ሰው ነው። በአገሩ ሕግ ፊርማው በቂ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ እሱም ማህተም ስላልነበረው ተመለሰ። በመጨረሻ እዚያው ማህተም አስቀርጾ እንዲልክልኝ ለመንኩት፤ ያ ክብ ምልክት ሲታይ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ውሉን ያነበበው ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ማመልከቻ በሚቀበለው መስኮት ደግሞ ሥራዬን ስጠየቅ «የኮምፒውተር ጨዋታ ተወዳዳሪ» ብዬ መለስኩ። «ወንድሜ፣ የጠየቅኩህ ሥራህን ነው፤ ትርፍ ጊዜህን አይደለም» ተባልኩ። ደመወዜን የሚያሳየው የባንክ መግለጫ እፊቱ ተዘርግቶ ሳለ! እስካሁን ያበሳጨኛል። ውሳኔው ሲደርስ ውድድሩ አልቆ ነበር፤ በቦታዬ አሠልጣኛችን ተጫውቶ በመጀመሪያው ምድብ ተሰናበትን፤ እኔም ስርጭቱን ከአራት ኪሎ አየሁ። ከዚያ ሽንፈት ይልቅ ማጣሪያውን ያሳለፉት የእኔ ጥይቶች መሆናቸውን ነው ማስታወስ የምመርጠው።

ስለዚህ ኦፊሴላዊውን ምክር ተዉት፤ ማጣሪያውን አትጠብቁ። ለሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይፈቀዳል። ቡድናችሁ የልምምድ ካምፕ ካለው፣ ቀኑ ቀደም ብሎ የሚታወቀው እሱ ነውና በካምፑ ግብዣ አመልክቱ፤ የቆይታው ቀናትም ውድድሩን እንዲያካትቱ አስደርጉ፤ ካምፑ ግን እውነተኛ ይሁን። ማህተሙን ውል በምትፈርሙበት ዕለት ጠይቁ። በማመልከቻው ላይም «ተጫዋች» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በቡድኑ የተቀጠረ ስፖርተኛ» በሉ፣ ውሉም ይህንኑ ይበል። በመጀመሪያ ዓመታችሁ ምርጫ ካላችሁ፣ ኢትዮጵያውያንን ቪዛ በማትጠይቀው ኬንያ የሚደረግ ውድድር ከአውሮፓው ትልቅ መድረክ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የቡድን አጋሮቼ በዚህ አይስማሙም፤ ፓስፖርታቸው ሌላ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ በካምፑ ግብዣ ቪዛውን አገኘሁ፣ በመድረክም ተጫወትኩ። የሚያስገባው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ለሚቀጥለው ውድድር ወረቀቱ ሁሉ ከዜሮ ተጀምሯል። ማመልከቻዬን ባለፈው ሳምንት አስገብቻለሁ፤ የማጣሪያው ምዝገባ ገና አልተከፈተም።