ፊርማውን ሳትሰጡ ኃላፊነት ሰጠሁ አትበሉ

ደሴ ላይ ተማሪዎችን የሚደግፍ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት እመራ ነበር። ኮምቦልቻ ያለውን ቅርንጫፋችንን ለአስተባባሪዋ ሙሉ በሙሉ ላስረክብ ስነሳ ያማከርኳቸው ሁሉ፣ ለጋሾቹም ጭምር፣ «መጀመሪያ ማኑዋል፣ ቀጥሎ የአቅም ግንባታ ስልጠና፣ ሥልጣኑ በመጨረሻ» አሉኝ። እኔ የምለው ግልባጩን ነው። ሰው አዳማ ሆቴል ሰንብቶ፣ አበሉን ተቀብሎ፣ ሰርተፍኬቱን ይዞ ከተመለሰ በኋላም ደብተር ለመግዛት የእኔን ፊርማ የሚጠብቅ ከሆነ የቱ አቅም ነው የተገነባው?

ሌላው ሌላው ቀላል ነበር። የሥራ ዝርዝሩን አብረን ጻፍን፣ የግዢ ጣሪያ ወሰንን፣ ቦርዱ አጸደቀ። በጀቱም እንደ ድሮው አላስጨነቀንም። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን፣ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይለፍ በሚለው የ70/30 መመሪያ፣ ለሠራተኛ የሚወጣው ብዙው ገንዘብ በአስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም የፕሮጀክት ሥራ ወጪን ከዚያ ስላወጣው ተንፈስ አልን።

የተቃጠልኩት ባንክ ቤት ነው። የሂሳቡ ጣምራ ፈራሚዎች እኔና የሂሳብ ሠራተኛዋ ነበርን፤ በእኔ ቦታ አስተባባሪዋ እንድትገባ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ይዘን ሄድን። ማኅተሙ ሁሉም ገጽ ላይ የለም ተብሎ ተመለሰ። አስመታን። ቀጥሎ የአያቷ ስም መታወቂያዋ ላይ አለ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የለም ተባለ። ለአንድ የአያት ስም ከአዲስ አበባና ከወልዲያ የቦርድ አባላት ተጠርተው እንደገና ፈረሙ። ከዚያ ደግሞ የባንኩ ኃላፊ ፈቃድ ወጣ። ተወካዩ «እሱ የጀመረውን ፋይል አልነካም» አለኝ። ውክልና እንዴት እንደማይሰጥ ማየት የፈለገ ያንን መስኮት ይጎብኝ። ይባስ ብሎ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ እየፈረሙ ቢቀጥሉ ምን ይጎዳል?» አለኝ። እስካሁን ያበግነኛል።

እኛ ባንክ ደጅ ስንመላለስ የማጠናከሪያ ትምህርት መምህራን ክፍያ ዘገየ። ወቀሳውን የምትቀበለው አስተባባሪዋ ነበረች። አንዱ ፊት ለፊቷ፣ «አለቃ ነኝ ትያለሽ እንጂ አንድ ቼክ እንኳ አታስወጪም» አላት። በማግስቱ ደሴ ድረስ መጥታ የካዝናውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «እትዬ፣ ስሙ ለእኔ፣ ሥልጣኑ ለባንኩ ከሆነ ይቅርብኝ።» አባብዬ መለስኳት፤ ግን ምን ብዬ እንደማባብላት እንኳ ጨንቆኝ ነበር።

የሙያ ጓደኞቼ «ባዶ ቼክ ላይ ፈርመሽ ስጫትና ተገላገይ» አሉኝ። ብዙ ድርጅት ውስጥ የሚደረግ ነው። እንቢ አልኩ። አዛዧ እሷ ሆና ተጠያቂዋ እኔ የምሆንበት አሠራር ለእሷም ለእኔም ወጥመድ ነው። ኦዲተር መጥቶ ቢጠይቅ ማን ምን ሊመልስ?

እንግዲህ የእኔን መንገድ ለምትጀምሩ፦ ለሠራተኛው ሹመቱን ከማሳወቃችሁ በፊት ባንኩ ጋ ሂዱ። የሚፈልገውን ሁሉ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት፣ ተቀበሉ፤ የአፍ መልስ ባለ መስኮቱ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ስም እስከ አያት ልክ እንደ መታወቂያው ይጻፍ። ስልጠናው ይቆያል፤ በገንዘቡ ላይ የሚያዝዝ ሰው ምን መማር እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል፤ እኛም አስተባባሪዋ ስትጠይቀን ነው የግዢ ስልጠና የላክናት። ተለዋጭ ፈራሚ ደግሞ በዚያው ቃለ ጉባኤ አስገቡ። እኛ ስላስገባን፣ ፊርማው በመጨረሻ ከዞረላት በኋላ አስተባባሪዋ ወሊድ ፈቃድ ስትወጣ የመምህራኑ ክፍያ አንድ ቀን አልዘገየም፤ እኔም ኮምቦልቻ አልወረድኩም።